ያላሳከካት ልጅ ለምን ትታከማለች?



የዚህን ወር ጽሑፍ የምጀምረው ጉቴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ካጋጠመኝ ነገር ነው። አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን አዝላ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አስከትላ መጣች። ባዶ የቅባት ቱቦ ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠችና «እህቴ፣ እንደዚህ ያለውን ሁለት ስጪኝ» አለችኝ። ቱቦው ቤታሜታዞን ነበር። ትንሹ ልጅ ጣቶቹን ማከክ ሲጀምር በጎረቤት ምክር የገዛችው ነው። «ስቀባው ጸጥ ይልለታል፤ ሳቆም ደግሞ ይብስበታል። አሁን ታላቁም ጀምሮታል። እኔም ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የጨቅላዋም መዳፍ ይኸው ፈነዳዳ» አለችና የልጅቱን እጅ ገልጣ አሳየችኝ።

ቤት ውስጥ ሌላ ማን እንዳለ ጠየቅኋት። «አባታቸውና ትልቋ ልጄ አሉ። እነሱን አልነካቸውም፣ አልሐምዱሊላህ። ትልቋማ ንጹሕ ናት፤ አንድ ቀን አካ አታውቅም። ለእነሱ አያስፈልግም» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚህች የመጨረሻ ቃሏ የተሰጠ መልስ ነው። ለእሷ በመስኮት በኩል ወረፋ እየጠበቀ ካለው ሰው ፊት በሁለት ደቂቃ የነገርኳትን ለእናንተ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፣ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔም እንዲህ ያለ ቱቦ «ማን ያዘዘው ነው? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ ሸጫለሁ።

ማሳከኩ የማን ሥራ ነው?

የእከክ በሽታ የምታመጣው ፍጡር በጣም ትንሽ ናት። ትልቋ ሴቷ እንኳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ አትደርስም። በተለምዶ «ነፍሳት» እንበላት እንጂ ስምንት እግር ስላላት በሳይንስ አመዳደብ የመዥገርና የሸረሪት ወገን ናት። ሴቷ የቆዳችንን የላይኛውን ስስ ሽፋን እየቦረቦረች ትገባና በቦረቦረችው ቦይ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል እየጣለች ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ትኖራለች። እንቁላሉ በሦስት በአራት ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹም በሁለት ሳምንት ገደማ አድገው ሌላ ቦይ ይጀምራሉ።

አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ በሚያድር፣ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ ባለበት ሰው ላይ ያሉት ሴት ተባዮች ቢቆጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። ከእነዚህም ሆድ ላይ፣ ጭን ላይ፣ ትከሻ ላይ ሽፍታው ሁሉ ባለበት የሉም። ታዲያ ማሳከኩ ከየት መጣ? የመጣው ከራሳችን ነው። ሰውነታችን የተባይዋን አካል፣ ምራቋንና ኩሷን «ባዕድ ነው» ብሎ ሲለይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው ማሳከኩ። ተባይዋ የምታሳክክ ሳትሆን የሰውነታችን ጠባቂ የሚጮኸው ነው።

ጠባቂው ግን የሚጮኸው ዘግይቶ ነው። እከክ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ተባይዋ ከገባች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ምንም አይሰማውም፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ለሌላው ያስተላልፋል። ከዚህ በፊት ይዞት የሚያውቅ ሰው ግን ጠባቂው ጠላቱን ስለሚያውቃት ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳከክ ይጀምረዋል።

እንግዲህ ያቺ «ንጹሕ» የተባለች ትልቅ ልጅ ከወንድሞቿ ጋር በአንድ ፍራሽ የምትተኛ ናት። በማግስቱ ይዛልኝ መጣች። በመስኮቱ ብርሃን የእጇን አንጓ በማጉያ መነጽር ሳየው በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል፣ ጠመም ያለች፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰች መስመር አገኘሁ። ልጅቷን ያሳክክሻል ወይ ብላት «ኧረ ምንም» አለችኝ።

ጠባቂው ለምን ዘገየ?

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው የመከላከያ ሥርዓት ቀላል አይደለም። አንዲት እሾህ ብትወጋን በደቂቃዎች ውስጥ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ይህ ሁሉ ደም ሥሮች ሰፍተው ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው እየተመሙ ነው። ታዲያ ቆዳችንን እየቆፈረች የምትኖር ፍጡር እንዴት ሳምንታት ሳትታወቅ ትቆያለች?

አንደኛው ምክንያት የመረጠችው ቦታ ነው። የምትኖርበት የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት የተደራረቡበት፣ ደም ሥር የማይደርስበት ነው። ዘበኛ የማይዞርበት የግቢ ጥግ ማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሁለተኛው ነው። በደማችንና ከደም በሚመነጨው ፈሳሽ ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ የፕሮቲን ዓይነቶች አሉ። ባዕድ ነገር ላይ ተለጥፈው እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ ይወጉታል፣ ሌሎቹንም ሕዋሳት ይጠራሉ። የእከክ ተባይ ሥጋ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ምንም የማይፈጩ ፕሮቲኖች ታመነጫለች። ተመራማሪዎች ይህ «የማይሠራ መሣሪያ» ለምን እንደሚጠቅማት ሲያጠኑ፣ ሥራው ኮምፕሊመንትን መያዝና ቅጥልጥሉን መቁረጥ ሆኖ አገኙት። ልክ ደወሉን የሚያስተላልፈውን ገመድ እንደ መበጠስ ነው።

ይህ ለእኛ ለእናቶች የሚያመጣው መዘዝ አለ። ገመዱ የተበጠሰው ለእሷ ብቻ አይደለም። በቦዩ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችም መከላከያው በደከመበት ቦታ ይመቻቸዋል፤ ልጁ በጥፍሩ ሲያክ ደግሞ በሩ ይከፈትላቸዋል። ያን ጊዜ መግል የያዘና ቢጫ ቅርፊት ያለው ቁስል ይመጣል። ቁስሉ በስትሬፕቶኮከስ የመጣ ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። ልጃችሁ የቆዳ ቁስል ይዞት ከቆየ በኋላ ጠዋት ፊቱና የዓይኑ ዙሪያ አብጦ ከተነሣ፣ ወይም ሽንቱ ወፍራም ሻይ ከመሰለ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለመደበቅ የተካነችው የእከክ ተባይ ብቻ አይደለችም። የራስ ቅማል በቀን ብዙ ጊዜ ደም ትመጣለች፤ ስትነክስ የምትተፋው ምራቅ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለው። ትንኝም እንዲሁ ናት። በምራቋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሂስታሚን የተባለውን፣ ማሳከክና ማበጥ የሚያመጣውን የሰውነታችንን ንጥረ ነገር አፈፍ አድርጎ ይይዘዋል። እሷ ጠጥታ ከበረረች በኋላ ነው የምናክከው። ለመጀመሪያ ጊዜ የራስ ቅማል የያዘባት ሴት ልጅም ማሳከክ የሚጀምራት እንደ እከኩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «ልጄ ራሷን አታክም» ብላችሁ አትተዉ፤ ከጆሮዋ ጀርባና ከማጅራቷ ላይ ፀጉሯን ከፍላችሁ ቅጫም መኖሩን እዩ።

የሰውነት ቅማል ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው። በልብስ ስፌት ውስጥ የምትደበቀዋ ይህች ቅማል ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ታስተላልፋለች፤ በሽታው ዛሬም ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ አገራችን ናት። ባክቴሪያው ከቅማሏም የባሰ አታላይ ነው። ሰውነታችን ለይቶት ሲያሸንፈው ትኩሳቱ ይተዋል፤ ከመካከላቸው የላይ ልብሳቸውን የቀየሩት ግን ሳይታወቁ ተርፈው ይራባሉ፤ ከቀናት በኋላም ትኩሳቱ ያገረሻል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በሽታው የሚገባው ቅማሏ ስትጨፈለቅ በሚወጣው ፈሳሽ ስለሆነ በጥፍር መጨፍለቅ፣ ይባስ ብሎም በጥርስ መግደል ይቅር። ልብሱን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ይሻላል።

ሙጀሌንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እሷም እውነተኛ ነፍሳት ናትና። ሙጀሌ የቁንጫ ዓይነት ናት። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ወደ አንጎላ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1872 እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያ አፍሪካን አቋርጣ ተስፋፋች። በሲዳማ ወንሾ ወረዳ በተደረገ ጥናት ከታዩት ልጆች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ተገኝታለች። ሴቷ በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ትገባና አፏን ወደ ደም ሥር፣ ጭራዋን ወደ ውጭ አድርጋ፣ አተር እስክታክል ታብጣለች። እሷ እስክትታወቅ ድረስ እንቁላሏን መጣል ልትጀምር ትችላለች። በአንድ መርፌ የቤቱን ልጆች ሁሉ ማውጣት ለቴታነስ ማጋለጥና የጉበት ቫይረስን ከአንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነውና ተጠንቀቁ። ጫማና በሳሙና የታጠበ እግር ለሙጀሌም፣ በዋዩ ቱቃ ወረዳችን ለተጠናው የእግር እብጠትም ይጠቅማል።

ጠባቂውን እኛው ስናስተኛው

ወደ ቱቦው ልመለስ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶልና መሰሎቻቸው በቦታቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሥራቸው ግን የሰውነትን ቁጣ ማብረድ ነው። እከክ ላይ ሲቀቡ ተባይዋን አይነኳትም፤ የሚያስተኙት ጠባቂውን ነው። እሷ በምራቋ የጀመረችውን እኛ በቱቦ እንጨርስላታለን። ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ሽፍታው መልኩን ይቀይራል፣ ሐኪም እንኳ ቢያየው እከክ መሆኑን ለመለየት ይቸገራል፤ እሷ ግን በሰላም ትራባለች። መከላከያ ኃይላቸው በጣም በደከመ ሰዎች ላይ፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ ኖሮባቸው መድኃኒት ባልጀመሩ ወይም እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ላይ፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት ይወፍራል፤ ተባዮቹም በሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ይደርሳሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እምብዛም አያሳክካቸውም። የጠባቂው ዝምታ ጤና ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሌላው ስሕተት «እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ ነው፤ አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ አይዘውም» የሚለው ነው። ውዱእ ብዙ ጀርም ያጥባል፤ ቆዳ ውስጥ የገባችውን ተባይ ግን ውኃ አያወጣትም። በታላላቅ ሶሓቦች ላይም ደርሷል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ስላሳከካቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለወንድ የተከለከለውን ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ከዕብ ኢብኑ ዑጅራህ (ረ.ዐ) በሑደይቢያ ዘመቻ ኢሕራም ላይ ሳሉ ቅማል ከራሳቸው ፊታቸው ላይ እስኪረግፍ ድረስ ተቸግረው፣ ፀጉራቸውን እንዲላጩና በምትኩ ሦስት ቀን እንዲጾሙ፣ ወይም ስድስት ድሆችን እንዲያበሉ፣ ወይም በግ እንዲያርዱ ተነግሯቸዋል። እነዚህን ሰዎች ማን በንጽሕና ሊያማቸው ይችላል? ሰው ካላፈረ ቶሎ ይታከማል።

እከክ የሚፈልገው መጨናነቅን ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል በተነሣው ወረርሽኝ ከተመረመሩት ሰዎች ሲሶ ያህሉ ተይዘው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኛም ጋ ተፈናቃይ ዘመድ ያስጠጋ ቤት፣ በአንድ ክፍል አሥር ሆነው የሚያድሩ ደረሶች አሉ። እኔ ራሴ በመድረሳ ሳለሁ ከሰሌን ላይ ተደራርበን ነበር የምንተኛው። የኡስታዛችን ባለቤት፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ዲን በቅቤ ለውሰው የምታክከዋን ልጅ ለይተው ይቀቡ ነበር። ዲኑ መድኃኒትነት ነበረው፤ ዛሬም ከቫዝሊን ጋር ተለውሶ ለጨቅላዎች ይታዘዛል። ግን የምታክከዋ ብቻ ስለምትቀባ በሽታው ክፍሉን እየዞረ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ «የቀረችው ንጹሕ ናት» እንል ነበር፤ ልክ እንደዚያች እናት።

አቀባቡን በትክክል

በመጀመሪያ ደረጃ የሚመረጠው አምስት በመቶ ፐርሜትሪን ነው። ሁለት ወር ለሞላው ሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል፤ ሁለት ወር ላልሞላው ግን ዲኑ ይሻላል፤ ልኩን ጤና ጣቢያ ይነግሯችኋል። ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽንም ይሠራል፤ ያቃጥላል፣ ለልጅ ካልቀጠነ አይቀባም። ከአንገት በታች ያለው ሰውነት አንዲት ቦታ ሳትዘለል ይቀባል፦ በጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ ብብት፣ እምብርት፣ ኀፍረተ ገላ፣ የውስጥ እግር። ለጨቅላ ራሱና ፊቱም ይጨመራል፤ ዓይንና አፍ ብቻ ይቀራል። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ከሳምንት በኋላ ይደገማል።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከዒሻ በኋላ እንቀባና ለፈጅር ተነሥተን ውዱእ እናደርጋለን። የሚታጠበው እጅ፣ ክንድና እግር ደግሞ ተባይዋ የምትመርጠው ቦታ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ሳይሞላ ውዱእ ያደረገ ሰው ከሰላት በኋላ የታጠበውን ቦታ መልሶ ይቀባ። ሕክምና ሳይሳካላቸው ከሚመለሱ ሰዎች አንዳንዶቹ ይህችን ስለዘለሉ ነው። ስለ ቅባቱና ውዱእ ሌላ ጥያቄ ያለው ዓሊም ይጠይቅ፤ እኔ የማውቀው መድኃኒቱን ነው።

በአፍ የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ነው። የወለጋ ሰው ሜክቲዛን በሚለው ስሙ ያውቀዋል፤ ለወንዝ ዳር ዕውርነት በሽታ በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ ሲሰጥ የቆየው ነው። መነሻው ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ያገኙት ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊልያም ካምቤል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። እንቁላሉን ስለማይገድል ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል። ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፤ በራሳችሁ አትግዙት።

በዚያው ሌሊት ያሳከከውም ያላሳከከውም፣ አባወራውም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ አብሮ የሚያድር እንግዳም ይቀባል። መድረሳ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ቀን። ያንኑ ቀን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ይስጣ፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቆይ። ከሰው ገላ ውጭ ተባይዋ ከሁለት ሦስት ቀን አትዘልቅም። የመስጂድ ምንጣፍ ብዙም አያስፈራችሁ፤ በሽታው የሚተላለፈው ገላ ለገላ ረዘም ላለ ጊዜ በመነካካት ነው፣ ሰላምታም በቂ አይደለም። ቆዳው እንደ ቅርፊት የሆነበት ሰው ግን እስኪታከም ከጀማዓ ይቆይ።

ያቺ እናት በአሥረኛው ቀን ተመልሳ መጣች። «መድኃኒትሽ አልሠራም፤ ትንሹ አሁንም ያካል» አለችኝ። አዲስ ቦይ ፈልጌ አጣሁ። ተባይዋ ብትሞትም ሬሳዋና እንቁላሏ ቆዳው ውስጥ ስላለ ጠባቂው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መጮኹን አይተውም፤ በየቀኑ መልሶ መቀባት ቆዳን ያደርቃል እንጂ አይጨምርም። ይህን ነግሬያት የሁለተኛውን ዙር ለሁሉም ልክ ሰጠኋት። ስትወጣ ዞር ብላ «የትልቋስ?» አለች። ውስጡ አለ አልኳት።